ከልደታ የቀደመው ገብርኤል

ነጂብ ሸሪፍ የሰው ፋይል ሲከፈት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስልክም ይሁን ላፕቶፕ፣ የተጠገነው ዕቃ ነፍስ ዘርቶ የባለቤቱ ፎቶና ቪዲዮ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ወንበሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ይዞርና ቀለሙ የተላላጠውን ግድግዳ ያያል። ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ የጣናን ሐይቅ ካርታ ይመስላል። በየቀኑ ሲያየው ስለኖረ ደሴቶቹን ሳይቀር በቃሉ ያውቃቸዋል። ባለቤቱ ዕቃውን አይቶ "ደህና ነው" ሲለው ብቻ ይመለሳል።

ደብረ ታቦር ውስጥ ስልክ የሚጠግን ሰው ሞልቷል። ወደ ነጂብ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ለዚያች መዞር ብለው ነው። እጮኛዋን ከወላጆቿ የደበቀች ልጅ፣ ከሚስቱ የተሰወረ ጉዳይ ያለበት ነጋዴ፣ የሁለቱም ስልክ በእጁ አልፏል፤ እሱ ግን ያየው ጣናን ነው። ያላየውን ብቻ ሳይሆን ሳያስበው ያየውንም ከአፉ አያወጣም። የፋይል ስም እንኳ ጮክ ብሎ አያነብም። በዚህ ይኮራል። በሌላም ነገር ይኮራል፤ ከበሩ በላይ ያሰቀለው ሰሌዳ "የማይሠራ ዕቃ የለም" ይላል። ጎን ለጎን ባለው ሱቅ ጨርቅ የምትሸጠው ሚስቱ ሩቅያ፣ የቤታቸው በር ማጠፊያ ከረመዳን ጀምሮ እንደተሰበረ ለደንበኞቹ መንገር ትወዳለች።

አባቱ ሸሪፍ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸውን ለልጃቸው ሊያወርሱ አስበው ሳለ፣ ልጁ መስፋት ከመማሩ በፊት መኪናውን ፈታታው። መልሶ ሲገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈች፤ መኪናው ግን ያለ እሷም መስፋቱን ቀጠለ። ሸሪፍ ያችን ብሎን እስኪሞቱ ድረስ በኪሳቸው ይዘው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር። ይኩሩባት ይዘኑባት የለየ ሰው የለም። ነጂብ ከዚያ ወዲህ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ስልክ እያለ፣ ባሕር ዳር ወርዶም አጭር ሥልጠና ወስዶ ኮምፒውተር ላይ ደረሰ።

በገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚመጣው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ስለሚመጣ የሱቁ ኮምፒውተር በየጊዜው ይታመምበት ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከጫነለት በኋላ ግን ዐረፈ። ነጂብ ስለ ሊኑክስ ሲያወራ ጥሩ በቅሎ ስለገዛ ሰው ነው የሚመስለው። አትደነብርም፣ አትወድቅም፣ ያዘዝኳትን ብቻ ትሠራለች ይላል። ያዘዛትን ብቻ መሥራቷ ጣጣ ያመጣል ብሎ ግን አላሰበም።

ጣጣው የመጣው በጥር ነው፤ ያመጡትም እትዬ እቴነሽ ናቸው። እትዬ እቴነሽ ከነጂብ እናት ጋር በአንድ ሰፈር ያረጁ፣ እሱንም በልጅነቱ ጆሮውን ይዘው የገሠጹ ሴት ናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አንድ ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ ባለቤታቸው በዚህ ውስጥ እንዳሉ ነገሩት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለቤታቸው አቶ ጌጡ በታመሙ ጊዜ የልጃቸውን የሕይወትን ሰርግ እንደማያዩ ገባቸው። ስለዚህ ታላቅ ወንድሟን ፋሲካን ጠርተው፣ ለሰርጓ ቀን የሚሆን ምርቃት ተናገሩና በቪዲዮ አስቀረጹት። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ፋሲካ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ነበር፤ ከአባቱ ተዝካር በኋላ ግን ዓለም በቃኝ ብሎ ጣራ ገዳም ገባና መነኮሰ። ከመሄዱ በፊት ቪዲዮው ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ዲስኩ እየሞተበት ስለነበር፣ ሁሉንም ወደዚህ ፍላሽ ገልብጦ ለእናቱ ሰጣቸው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲያ አልነሣም። አሁን ሕይወት ልታገባ ነው፤ ሰርጉ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው፤ እሷም የአባቷን ምርቃት ሳትሰማ ከቤት እንደማትወጣ ተናግራለች። እናትየውም ቃል ገብተውላታል።

ነጂብ ፍላሹን ሰካ፤ ነገ ይምጡ አለ። ይህን ያለው በብዙ ልበ ሙሉነት ነው።

ፋሲካ ቪዲዮውን ብቻ ቢገለብጥ ኖሮ ሥራው የአንድ አፍታ ነበር። እሱ ግን የዲስኩን ሙሉ ምስል ነው የወሰደው፤ ባዶ ቦታው ሳይቀር። አንድ ወንበር ማውጣት ሲቻል ቤቱን ከነግድግዳው ተሸክሞ ወጥቷል ብሎ ነጂብ ለሩቅያ አማረረ። ምስሉ ደግሞ አንድ ወጥ አልነበረም። ፍላሹ በጣም ትልቅ ፋይል ስለማይቀበል ለሰባት ተቆራርጧል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም የታቦት ስም ተሰጥቶታል፤ ልደታ፣ መድኃኔዓለም፣ ማርያም፣ በአታ፣ አማኑኤል፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ። የመነኩሴ ፋይል በቅዱሳን ስም ቢጠራ ምን ይገርማል ብሎ ነጂብ አለፈው። ቁራጮቹ በተሠሩበት ቀን እንዳይለዩ ደግሞ የአሮጌው ኮምፒውተር ሰዓት ሞቶ ስለነበር፣ ሁሉም ፋሲካ ሳይወለድ በአንድ ቀን የተሠሩ ይመስላሉ።

ለሊኑክስ በአንዲት መስመር፣ እነዚህን ሁሉ አምጪና ቀጥይልኝ ብሎ አዘዘ። እሷም በፊደል ተራ አሰልፋ ቀጠለች። ልደታ ከፊት ሆነች። ነጂብ ይህን አየና ደስ አለው። ሙስሊም ቢሆንም የደብረ ታቦር ሰው ነው፤ ወር የሚጠባው በልደታ መሆኑ ከደሙ ጋር ተዋህዷል፤ ልደታ ከፊት የቆመችለት ነገር የተበላሸ ሊሆን አይችልም። ከኋላዋ የተሰለፉትን መለስ ብሎ አላያቸውም።

ዲስክ ውስጡ እንደ ቤት በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱን ክፍል ፓርቲሽን ይሉታል። ክፍሎቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚያልቁ የሚናገር አጭር ሠንጠረዥ በዲስኩ መነሻ ላይ፣ ልክ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ነጂብ የተቀጠለውን ምስል እንደ ዲስክ አድርጎ ለሊኑክስ አስረከባት። ዲስኩን አየሁት አለች፤ መጠኑንም ነገረችው። ፓርቲሽን ግን የለውም አለች።

ፓርቲሽኖቹን ፈልጊ የሚለውን ትእዛዝ ጨምሮ ደገመ። የለም። ሌላ ፕሮግራም አምጥቶ ሞከረ። የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ፤ የፍላሹን መሰኪያ ለወጠ፤ መብራቱ ወረድ ከፍ ሲል ነው አለ፤ የሊኑክሷ እትም አርጅታ ነው ብሎ በማግስቱ አዲስ ጫነ። አዲሷም እንደ አሮጌዋ በትሕትና፣ ፓርቲሽን የለም አለችው። የምስሉን መጠን ፋሲካ ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ገልብጦ ለእናቱ ከሰጠው ቁጥር ጋር አስተያየ፤ ልክክ አለ። ስለዚህ እትዬ እቴነሽ በመጡ ቁጥር፣ አይዞዎት ምንም አልጎደለም ይላቸዋል። እውነቱን ነው፤ ምንም አልጎደለም ነበር።

እትዬ እቴነሽ በየቀኑ መጡ። ባዶ እጃቸውን መቀመጥ ስለማይሆንላቸው ለሰርጉ ወጥ የሚሆነውን ነጭ ሽንኩርት በሰፌድ ይዘው እየመጡ፣ ከበሩ ውጭ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው ይልጡታል። ሱቁ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። ከወረታ የመጣ አንድ ሰው የስልክ መሸፈኛ ሊገዛ ገብቶ የሽንኩርቱን ዋጋ ጠይቆ ወጣ።

"አሁን ኮምፒውተሩን አንተ ነህ የምትጠግነው ወይስ እሱ ነው አንተን የሚጠግንህ?" አሉት አንድ ቀን፣ ቀና ሳይሉ።

"እትዬ፣ ልጅዎ ነው እኮ ያወሳሰበው። ለምን አይጠየቅም?"

"ልኬበት ነበር። ከአዲስ ዘመን ከተማ ወደ ገዳሙ የሚወጡ ምእመናን አግኝቼ። አባ ዝግ ሱባኤ ገብተዋል፣ እስኪፈጽሙ ሰው አያነጋግሩም አሉኝ።" ከዚያ ቢላዋቸውን ቆም አደረጉ። "ወልጄ ያሳደግኩትን ልጅ አባ እያልኩ፣ እሱም ዝም ይለኛል። ከአባቱና ከእሱ የትኛው እንደሞተብኝ እንጃ።"

ነጂብ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ምንም ፋይል ሳይከፈት።

ቁራጮቹ ምን ምን እንደሚባሉ እኒህን ሴት ቢጠይቃቸው ነገሩ ያን ቀን ባለቀ ነበር። ግን የሰው ፋይል ስም ከአፉ አይወጣም። እትዬ እቴነሽ ደግሞ ከዱካዋ ላይ ሆነው የሚያዩት የኮምፒውተሩን ጀርባ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ባለው የገበያ ቀን ከገሳይ ሞላ የሚባል ገበሬ መጣ። ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ብሎታል፤ መሰኪያው መለወጥ አለበት። ነጂብ ለደንበኞቹ ቀጠሮ የሚሰጠው እነሱ በሚቆጥሩበት ነው። ቁጥር ከጠሩላቸው ይረሱታል፤ ታቦት ከጠሩላቸው ግን ይመጣሉ። እንዲህ ዓመታት ስለኖረ የወሩን በዓላት ከብዙ ዲያቆን ይልቅ ያስታውሳል። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ ለጊዮርጊስ ና አለው።

ሞላ የጊዮርጊስ ዕለት የእህቱ ልጅ ሰርግ አለበት። ለመድኃኔዓለም ይሁንልኝ አለ። ነጂብ የመድኃኔዓለም ዕለት ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ለአማኑኤል ይሁን አለ።

"የአማኑኤል ዕለትማ ደቦ ጠርቻለሁ" አለ ሞላ። "እንግዲያ እስከ ልደታ ልታገሥ? እስከዚያ ያለ ስልክ? ሚስቴ ሞቷል ብላ ታገባለች።"

ነጂብ ግን እየሰማው አልነበረም። ከፊቱ ስክሪኑ ላይ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ አማኑኤል የሚሉ ፋይሎች ተቀምጠዋል፤ እሱ ደግሞ እነዚያኑ ስሞች በአፉ እየጠራ ቀጠሮ ሲሰጥ ሰነበተ። ቀናት ናቸው። ፋሲካ የሰየማቸው በቀናቸው ነው። ሊኑክስ እንዳዘዛት በፊደል ሰልፍ ቀጠለቻቸው እንጂ የወሩን ቀን እሷ ከየት ታውቃለች? የሞላን ስልክ ተቀብሎ ወዲያውኑ ጠገነለት፤ ሞላም ለምን እንደተቀጠረ፣ ለምንስ እንደቀረለት ሳይገባው ሄደ። ነጂብ ሊያስወጣው ቸኩሎ ነበር፤ ግን መልሱን ሁሉ አንድ በአንድ በቅደም ተከተል ነግሮት የሄደው ሞላ ነበር። እሱ የሰማው ግማሹን ነው።

ቁራጮቹን በወሩ ተራ አሰለፈ። መጀመሪያ ልደታ፣ ከዚያ በአታ፣ ከዚያ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ አማኑኤል። እጁን እያሻሸ ለሊኑክስ አስረከባት። ዲስኩን አየች። መጠኑን ነገረችው። ፓርቲሽን የለም አለች።

በዚህ ጊዜ ነጂብ ደከመው። ሩቅያ ከሱቋ መጥታ የጠረጴዛውን ጠርዝ ተደግፋ ቆመች። በነጭ ሽንኩርቱ ጊዜ ስትስቅበት የሰነበተችው ሴት አሁን አልሳቀችም።

"ዛሬ ንገራቸው" አለችው። "ሙሽራዋን አጎቷ እንዲመርቃት ይዘጋጁ። አሁን ከነገርካቸው ለልጅቷ ቀስ ብለው ይነግሯታል። በሰርጉ ጧት ከሆነ ግን ከዚያ ቤት ሙሽራ አትወጣም፤ ኃጢአቱም ያንተ ነው።"

ልክ ነበረች። ነጂብ ከበሩ በላይ ያለውን ሰሌዳ ቀና ብሎ ሳያይ ወጥቶ ከእትዬ እቴነሽ ዱካ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ።  እንዲሁ ወሬ ለመጀመር ያህል፣ ፋሲካ ይህን ዲስክ ሲገለብጥ እርስዎ ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

ነበሩ እንጂ! እንዴት ይረሱታል? የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ነበር፤ ታቦቱ ሊነግሥ፣ አገር ነጭ ለብሶ ሊወጣ፣ እሱ ዲስኩን አቅፎ ተቀምጧል። በንግሥ ቀን ሥራ ብለው ተቆጡት። እሱም ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ቶሎ ይግላል፣ በቀን አንድ ቁራጭ ብቻ እያወጣሁ ማሳረፍ አለብኝ፣ ዛሬ ካልጀመርኩ የአባዬ ድምፅ ይጠፋል ብሎ ለመናቸው።

"እንግዲያ በስሙ ጥራውና እሱ ይጠብቅልህ አልኩት" አሉ እትዬ እቴነሽ፣ የሽንኩርቱን ልጣጭ ከቀሚሳቸው እያራገፉ። "ከዚያ በኋላ ባወጣ ቁጥር የዕለቱን ታቦት ይጠይቀኝ ነበር። እስከ ጥር በአታ። በማግስቱ ነው የሄደው። ምነው? ስሞቹ አልታዩህም?"

ለነጂብስ ታይተውት ነበር። በአክብሮት ደብቋቸው ነበር፤ ከስሞቹ እናት።

ታኅሣሥ ገብርኤል ጀምሮ ጥር በአታ የጨረሰ ሰው ልደታን የሚያገኛት ከአማኑኤል በኋላ ነው። "እንግዲያ እስከ ልደታ ልታገሥ?" ያለው የሞላ ድምፅ አሁን መጣለት። ወር ሲዞር ልደታ ከኋላ ትመጣለች፤ ይህን የገሳይ ገበሬ ያውቃል፣ ነጂብም ያውቃል፣ ለቀጠሮ ሲሆን አሳምሮ ያውቃል። ለዲስክ ሲሆን ግን ልደታን ከፊት አቁሞ፣ ደጃፉን ከጓዳ በኩል ሲፈልግ ሰነበተ።

ተነሥቶ ገባ። ገብርኤልን ከፊት አደረገ፤ ከዚያ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምን፣ አማኑኤልን፤ ልደታንና በአታን ከመጨረሻ። አስረከበ። ሊኑክስ ዲስኩን አየች፤ መጠኑን ነገረችው፤ ከዚያ ያለ አንዳች ግርግር፣ እስከ ዛሬ ማን ከለከለህ እንደማለት፣ ፓርቲሽን አንድ፣ ፓርቲሽን ሁለት አለች።

እትዬ እቴነሽን ከመጥራቱ በፊት ቪዲዮው መሥራቱን ማረጋገጥ ነበረበት፤ ሌላ ተስፋ ሰጥቶ መንጠቅ አይችልም። በሩን ገርበብ አድርጎ ፋይሉን ነካ፤ ወንበሩንም በእግሩ ገፋ። ከዚያ በኋላ ጠራቸው። እሳቸው ሲያዩ እሱ እንደ ልማዱ ጣናን ይመለከት ነበር። እትዬ እቴነሽ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳይተነፍሱ አዩና፣ ሲያልቅ "ሸሚዙን አልተኮስኩለትም ነበር፤ ያስታውቃል" አሉ።  ሰፌዱንም ረስተውት ሄዱ።

በሰርጉ ዕለት ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ዳሱ ውስጥ ያቆመውም ሽቦውን የዘረጋውም ነጂብ ነው። አቶ ጌጡ አልጋ ላይ ደገፍ ብለው፣ የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሰው፣ ልጄ ሕይወት እያሉ መረቁ። እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፤ ውለዱ፣ ክበዱ፤ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ አሉ። ዳሱ ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ሕይወት የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ እግር እንደ አባቷ ጉልበት ጎንበስ ብላ ሳመችው፤ ከዚያ ወጣች። ነጂብ በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊቱን ወደ ዳሱ ምሰሶ አዙሮ እንደቆመ ያዩት ሰዎች ዛሬም ያወራሉ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የሚያመጣለት ሰው በዝቷል። ፋሲካ ሱባኤውን ፈጽሞ የላከው መልእክት ሰርጉ ካለፈ በኋላ ደረሰ፤ ከገብርኤል ጀምሩ ይላል።

ነጂብ ይህን ሁሉ ለእኔ ለምጽፈው ሲያወራ የራሱን ጅልነት እንኳ ሳይቆጥብ ነው፤ የብሎኗን ነገር፣ የሞላን ነገር፣ ልደታን ከፊት ያቆመበትን። አንዲት ነገር ብቻ፣ "እህቴ፣ ይችን ተያት፤ ደንበኛ ከሰማ ማን ያምነኛል" ብሎ ለምኖኛል።

በዚያች በሩን ገርበብ ባደረገባት ሰዓት፣ ብቻውን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ድምፁን ብቻ ያዳምጥ ነበር። አቶ ጌጡ መርቀው ሲጨርሱ ዝም አሉ። ከካሜራው ጀርባ ያለው ልጅ እያለቀሰ ነበርና መልስ አልሰጠም። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ፣ ደከም ብሎ፣ "አሜን የሚል የለም እንዴ?" አለ።

ነጂብ ከጣና ዞረ። ሰውየውን ፊት ለፊት አያቸው። "አሚን፣ አባቴ" አላቸው።